ገመድ የለመደ እጅ

ከደልጊ ተመልሼ፣ ጀልባዬን አስሬ፣
ስገባ ዝም አለች ለፍላፊዋ ሽምብሬ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ስመለስ በማታ፣
ሽምብጥን ትሞላው ነበር በጫጫታ፤
ዛሬ ግን ላባዋን እንደ ጥጥ ነፍታ
በአንድ እግሯ ቆማለች፣ ሌላውን አንስታ።

የኔ አይደለችም ወፏ፤ የማስተዋል ናት፣
ጎንደር ለትምህርት ስትሄድ አደራ ያለችኝ ዕለት
ከሻንጣዋ በፊት ጥሬ የሸከፈችላት።
እኔ ምን አውቃለሁ? እጄ የሚያውቀው ገመድ፣
መቅዘፊያ፣ ጆንያ፣ የናፍጣ በርሜል ማውረድ።

ደወልኩ። "ደም አየሁ መሰለኝ፣ ልያዛት?" ብላት
"ቆይ አባዬ" አለችኝ፣ "አሁን አትንካት።
መጀመሪያ በዓይን ነው። ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣
እንደ ጭልፊት ፊት ለፊት አታፍጥጥ።
ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል?
አፏስ ተከፍቷል? ክንፏ እኩል ይታጠፋል?
ወፍ ሕመሟን ደባቂ ናት፤ የታመመ ሁሉ
ቀድሞ እንደሚነጠቅ ታውቃለች ገና ከእንቁላሉ።"

ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ።
ይኼንንስ አላጣውም።
ሐይቁንም የማየው እንዲሁ ነው፣ ሳልገባበት በፊት፤
ውኃው የት ጋ ጠቆረ? ደመናው ወዴት?

ጅራቷ ረግቷል። ክንፎቿም እኩል ናቸው።
ያነሳችው እግሯ ግን፦
ከጎጆዋ መሸፈኛ የተመዘዘ ክር
ጣቷን ሦስት ጊዜ ዞሯል፣ ጀልባዬን እንደማስር።
ጥፍሯም ተሰንጥቃ ጫፏ ላይ ደም፣
ከስናፍጭ ፍሬ አትበልጥም።

"መስኮቱን ዝጋ። ማራገቢያውን አጥፋ። ድመቷን አስወጣ።
እጅህን በሳሙና፣ ናፍጣው እስኪወጣ።
መብራቱን ቀነስ አድርግ፤ ሲጨልም ትረጋለች፤
ከኋላዋ በስስ ፎጣ ክደናት፤ ጥቂት ትታገላለች።
አንገቷ ከሁለት ጣቶችህ መሃል ይሁን፣ ሳይጨመቅ፣
ጀርባዋ መዳፍህ ላይ ይረፍ፤ ደረቷን ግን ተጠንቀቅ!
ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷ ሲነሳ ሲወድቅ ነው፤
እሱን ከያዝክባት፣ ሳትጮህ ነው የምትሄደው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመድ የጎተተ ጣት
መጨበጥ ነው ልማዱ፤ መላላት አላስተማሩት።
የላላውን ሁሉ ጣና ሲወስድ አይቻለሁ።
"እንደ እንቁላል ልያዛት?" አልኳት።
"እንቁላል አይፈራም፣ አባዬ" አለች።

ያዝኳት።
ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም፤
ልቧ ብቻ ከጣቴ ሥር፣ ሞተሬ ሲነሳ እንደሚርበተበተው።
እኔም ትንፋሼን ያዝኩ፣ የሷን እንዳልወስደው።
"በጣትህ ጫፍ ብቻ የደረቷን አጥንት ዳስሰው፤
ግራና ቀኙ ሥጋ አለው? ወይስ እንደ ቢላ የሾለ ነው?"
ሥጋ አለው። እንደ ደህና ጀልባ ሆድ ክብ ነው።
ተመስገን፤ ስትከሳ የሰነበተች አይደለችም።

በማስተዋል ትንሽ መቀስ ክሩን ቆረጥኩ፣
ጥፍሯ ላይ የበቆሎ ዱቄት አድርጌ በስሱ ያዝኩ፣
እስከ ስልሳ ቆጠርኩ።
"ቅባት እንዳትቀባት፣ ላባዋን ያጣብቃል።
ነገም ካነከሰች ሐኪም ዘንድ ነው፤ ይሻላታል ብሎ መቆየት ይገድላል።"

ደሙ ቆመ።
ወደ ቤቷ ልመልሳት ስል ዞር ብላ ነከሰችኝ፣
መዳፌ ላይ፣ ገመዱ የከፈተው ቦታ፤ "ውይ!" አሰኘችኝ።
"ነከሰችህ?"
"አይ... ቁስሉን ስላገኘችው ነው።"
"የምን ቁስል?"

ሽምብሬ እንጨቷ ላይ በሁለት እግሯ ቆመች፣
ላባዋን አራግፋ ወደ እኔ አየች።
"ደህና ነኝ" አልኩ። "ትንሽ ናት። ሳምንትም አልሞላት። ደግሞ ካርዴ ሊያልቅ ነው።"
ነፋስ ብቻ ተሰማ፣ ከጎንደር ይሁን ከጣና የማልለየው።

"ማስተዋል?"
"መብራቱን መልሰው" አለች፣ "ቪዲዮውን ክፈተው፤
መዳፍህን ዘርጋው።
እኔም በዓይን ነው የምጀምረው።"